አማቼ ሃያ አምስት ኪሎ ብሎኝ ነበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ግንቦት ላይ ነው። አቦቦ ወረዳ ካለው ቤቴ ተነስቼ ጋምቤላ ከተማ ወዳለችው ልጄ ስሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ዕቃ አንጠልጥሎ መጥቶ «ይህቺን ብቻ፣ ትንሽ ናት» ሲለኝ አንጀቴ እርር ይላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከወሎ መጥተን እዚህ የሰፈርን ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ፤ እኔ ራሴ ወዲያ ወዲህ የምል ሰው ነኝ። ልጆቼ ተበታትነዋል። አንዱ ጋ ሁለት ወር፣ ሌላው ጋ አንድ ወር እያልኩ ስዞር ነው የምኖረው። መንደሬ እንኳን ስም የላትም። ያኔ ሲያሰፍሩን ቁጥር ሰጧት፣ በቁጥሩ ቀረች። ቁጥር ውስጥ ስኖር ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቁጥር ግን አልወድም።

የመጨረሻ ልጄ የሺ ትዳሯ ጋምቤላ ከተማ ነው። ባሏ ጋትቤል ኑዌር ነው፤ የሒሳብ መምህር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያከብር ልክ የማያውቅ ልጅ ነው። በእነሱ ወግ አማች በአማቱ ፊት አይበላም። መጀመሪያ ሰሞን እቤታቸው ስሄድ ምሳውን ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ እኔ የሠራሁት ወጥ አልጥም ብሎት መስሎኝ አኩርፌ ነበር። ለካ አክብሮኝ ነው። ፊቴ አይበላም፣ ፊቴ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ «አይሆንም» የሚል ቃልም ለእኔ አውጥቶ አያውቅም። ይህቺን ያዙልኝ።

የሺ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ሲደርስ፣ ፅንሱ አቀማመጡ ጥሩ አይደለም፣ በቀዶ ጥገና ነው የምትወልጂው አሏት። ማክሰኞ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተብሎ ተቆረጠ። ደወለችልኝ።

«እማ፣ አንቺ መጥተሽ እጄን ካልያዝሽ አልገባም» አለችኝ።

ታላቅ እህቷን ያጣናት በወሊድ ነው። ስለዚህ አልተቆጣኋትም። እመጣለሁ አልኳት፤ ምን ላምጣልሽም አልኳት። ደጄ ላይ ያለችውን ማንጎ፣ እኔው የተከልኳትን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወዳታለች። «አራት ማንጎ ብቻ አምጪልኝ» አለች።

አራት። ይህቺንም ያዙልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋትቤል ሊወስደኝ በመኪናው መጣ። ትንሽ አሮጌ ነጭ መኪና ነች። የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ አንጥፎበታል፣ ንጹሕ አንሶላም አልብሶታል። የሺ ከሆስፒታል ስትወጣ ተጋድማ እንድትመለስ ነው። «እናቴ፣ ዕቃው ከኋላ ነው የሚጫነው» አለኝና ወስዶ አሳየኝ።

ተሳቢ የሚታሰርበት ጋንቾ ላይ የተሰካ፣ ቃሬዛ የመሰለ ብረት ነው። ከተማ ያለ በያጅ ሠርቶለት ነው። መኪናዋ ጭራ ያበቀለች ትመስላለች። እኔ ደስ አለኝ። ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ያስተኛል። እንግዲህ ልጫን ብዬ ነጠላዬን ሳጣፋ፣ ጋትቤል ደብተር አወጣ።

«እናቴ፣ ትንሽ ላስላ።»

እሺ አስላ አልኩት። ምን ይመጣል ብዬ! የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ጋንቾው የሚሸከመው መቶ ኪሎ ነው ይላል። እሰይ አልኩ። አንድ ኩንታል ማለት አይደል? ከዚያ ደግሞ መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ፣ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ዕቃው ከክብደቱ በላይ ስለሚጫን፣ ከመቶው ሲሶውን እንቀንሳለን አለ። ስልሳ ሰባት ገደማ ቀረ። እሺ፣ ይሁን። ቀጥሎ ደግሞ ብረቱ ራሱ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ስለሆነ እሱም ይቀነሳል አለ።

«ብረቱ ምን አደረገ? ብረቱ ተሸካሚ እንጂ ጭነት ነው እንዴ?» አልኩት።

«ጋንቾው እሱንም ነው የሚሸከመው፣ እናቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ሠላሳ አምስት ቀረ።

በቃ ሠላሳ አምስት ካለ ሠላሳ አምስት ብዬ ዕቃ ላነሳ ስል፣ ብረቱ ከጋንቾው ወደ ኋላ ርቆ ስለወጣ ለዚያም አሥር ኪሎ እንቀንስ አለ። እርሳሱን ባስቀመጠ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ደብተሩ ነው እንዴ ጭነቴን የሚበላው? ሃያ አምስት ኪሎ! ለሃያ አምስት ኪሎ ነው ይህ ሁሉ ብረት የተበየደው? እኔ በጎልማሳነቴ በጀርባዬ ከዚያ በላይ ተሸክሜ ዳገት ወጥቻለሁ።

ይህን ሁሉ ግን በሆዴ ነው። እሱ ያከብረኛል፣ እኔም አማቼን አከብራለሁ። «አንተ ካልክ» አልኩት።

ይባስ ብሎ ከመኪናው የሚንጠለጠል ሚዛን አወጣ። ጎረቤቶቼ ከበውናል። ልጇ ልትወልድ ነው የተባለችን እናት በእኛ አገር ባዶ እጇን የሚሸኝ የለም። አንዷ የገብስ ዱቄት ለገንፎ፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ማር በገንቦ፣ ሁለት ዶሮም በቅርጫት። ጋትቤል እያንዳንዱን ሚዛኑ ላይ እያንጠለጠለ፣ «አሥር፣ አራት፣ ሰባት…» እያለ ይጽፋል። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ስጦታን በሰጪው ፊት መመዘን አነሰብኝ እንደማለት ነው። እትዬ ዘውዴ፣ የቅርብ ጎረቤቴ፣ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ሥጋ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?» አለችኝ።

ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ማሩና ዶሮዎቹ ሃያ አምስት ሞሉ። ልክ ሃያ አምስት። ጋትቤል ደስ አለው፤ በገመድ አስሮ፣ ሸራ አልብሶ፣ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ።

እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የእኔ ማንጎ ገና አልተጫነም። አራት ብቻ ያለችው ልጅ ናት፤ የእናት እጅ አራት ይዞ ይሄዳል? ለአስታማሚውም፣ ለሐኪሙም ብዬ ግማሽ ጆንያ ለቅሜያለሁ። ከታች ቤት ያለችውም ሴትዮ አጃ ይዛ እያለከለከች ደረሰች። እምቢ ልበላት? እትዬ ዘውዴም በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «ይህቺን ብቻ፣ ትንሽ ናት፣ ከተማ ላለችው ልጄ አደራ።» ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አደራ ይፈተሻል እንዴ?

ሸራውን ገለጥ አድርገን፣ ሦስት አሮጊቶች ሆነን፣ ሁሉንም ወደ ዳር ዳሩ ጎሰጎስን። ቦታ የነበረው ጫፉ ላይ ነዋ። ጋትቤል ሲመለስ ሸራው አብጧል። ቆም ብሎ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ገመዱን እንደገና አጠበቀና «እንሂድ እናቴ» አለ። እኔ አላስተዋለም ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ስንነሳ አምስት ሰዓት ሆኗል። በሚዛንና በደብተር ሦስት ሰዓት አለቀ። ስልኬ ጮኸ፤ የሺ ናት። «እማ የት ደረሳችሁ?» «መንገድ ላይ ነን፣ መድረሳችን ነው።» ገና የመንደሩን ወፍጮ ቤት አላለፍንም።

ጋትቤል የሚነዳው እንደ ቀብር ሸኚ ነው። እኔ «ትንሽ ፈጠን ብትል» እለዋለሁ፤ እሱ «እሺ እናቴ» ይላል፣ አይፈጥንም። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ከፊታችን ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩ ይበዛል። አንድ ጊዜ «መሪው ቀለለኝ» ሲል ሰማሁት፤ ለራሱ ነው ያወራው። መሪ ከቀለለ ጥሩ አይደል? ምን አውቃለሁ!

ዋናው መንገድ ሳንደርስ ውኃ የቦረቦረው ቦታ አለ። ፊቷ ወረደች፣ ወጣች። ኋላዋ ሲወርድ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ አፋፍ ላይ ቆመች። በመስኮት ወደ ታች ሳይ መሬቱ አይታየኝም፤ ውኃ ብቻ። ስለት ተሳልኩ። ለማን እንደተሳልኩ እንኳን አሁን አላስታውስም፤ ለሁሉም ሳልሳል አልቀረሁም።

ወርደን አየን። ብረቱ ከመሃሉ ተቆልምሞ አፈር ውስጥ ተተክሏል። የማሩ ገንቦ ተሰብሮ ማሩ ጭቃው ላይ ይፈሳል። ማንጎው መንገዱን ሞልቶታል። አንዷ ዶሮ አምልጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ትጮኻለች። ጋትቤል መኪናዋን ወደፊት ሊነዳት ቢሞክር ብረቱ እንደ ማረሻ መሬቱን ይዟል። ብረቱን ከጋንቾው እንዳይነቅለው ማሰሪያው ፒን ታጥፏል። በእጁ ቢለው፣ በድንጋይ ቢለው አልወጣም። መዳፉ ደማ። ሰዓቱ ስድስት አለፈ።

የሺ ደወለች። አላነሳሁትም። እንደገና ደወለች። «እማ፣ ልብስ ቀይሪ እያሉኝ ነው። አልቀይርም ብያለሁ።» «ቀይሪ፣ ደርሰናል» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ማንጎው መሃል ቁጭ አልኩ።

ከኋላችን በቆሎ የጫነ የጭነት መኪና መጣ። እኛ መንገዱን ስለዘጋነው ቆመ። ከጆንያዎቹ አናት ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ዘሎ ወረደ። ጫኝና አውራጅ ነው፤ አኙዋ። ትከሻው እንደ በር የሰፋ። መጀመሪያ ብረቱን አየ፣ ከዚያ የተበተነውን፣ ከዚያ እኔን።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ አራስ ነው ወይስ ለአንድ ክፍለ ጦር?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ። ስምንት ሰዓት ላይ እጇን መያዝ እንዳለብኝ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ ማለቴ ብዙ አልቀለደም። ዕቃውን እየለቀመ ወደ ጭነት መኪናው ያቀብል ጀመር። እያነሳም ልማዱ ሆኖ ይቆጥራል። «ማንጎ፣ ሃያ አራት ኪሎ። ዱቄት፣ አሥር። አጃ፣ አምስት። ቅቤ፣ አራት።» ጋትቤል በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ደብተሩን አወጣ። ዱቄቱ አሥር፣ ቅቤው አራት፤ ሚዛኑ ካለው ጋር አንድ ነው።

«አንተ ሚዛን ነህ እንዴ?» አለው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ የጋምቤላ ጆንያ የተመዘነው እዚህ ላይ ነው» ብሎ ትከሻውን መታ።

ከዚያ የእትዬ ዘውዴን ጨርቅ አነሳ። ፊቱ ተለወጠ። ፈታው። መጅ ነው! የወፍጮ ድንጋይ! ከወሎ ድረስ ያመጣችው ጥቁር መጅ፣ ለልጇ በርበሬ መፍጫ። «ዘጠኝ ኪሎ» አለ ሰውየው። የፈሰሰውን ማርና ዶሮዎቹን ጋትቤል ከደብተሩ ጨምሮ ደመረው። ስልሳ ሦስት።

እኔ ያን ጊዜ እንኳን አላርፍም። «መጽሐፉ መቶ ይል የለም እንዴ? ስልሳ ሦስት ከመቶ ያንሳል!»

ጋትቤል ደብተሩን ዘጋ። ሰውየው ግን መጇን አስያዘኝ። «ደረትሽ ላይ ያዢያት።» ያዝኳት። ትከብዳለች፣ ግን ትያዛለች። «አሁን ክንድሽን ወደፊት ዘርጊ።» ዘረጋሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ባይቀበለኝ እግሬ ላይ ነበረች።

«ያው መጅ ናት አይደል? ድንጋዩ አልጨመረም፤ ክንድሽ ነው የረዘመው። ይህም ብረት ክንድ ነው። አንቺ ደግሞ መጇን ጣቱ ጫፍ ላይ አሰርሽለት።»

የጋትቤል አሥር ኪሎ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ይህን ነገር እኔ አላውቀውም አይባልም። ወሎ እያለሁ አህያ ጭኛለሁ። አህያን ከነጭራሹ ማን ዳሌው ላይ ይጭነዋል? ፊቱ ቀሎ ይወድቃል። አህያ ላይ የማውቀውን መኪና ላይ ረሳሁት።

ሰውየው በቆመበት አላረፈም። ከጭነት መኪናው ፌሮ ብረት አመጣ፣ ፒኑ ላይ አስደገፈ። መዶሻ የለም። ዙሪያውን አየና መጇን አነሳ። በሦስተኛው ምት ፒኑ ተፈናጥሮ ወጣ። ብረቱ ወደቀ፣ መኪናዋም እፎይ ያለች መሰለኝ።

«ሂዱ። ዕቃውን ነገ ሆስፒታል አመጣዋለሁ» አለ። ስሙን አልጠየቅሁትም፣ እሱም የእኔን አልጠየቀም። የመንደሬን ስጦታ ሁሉ ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ፣ አራት ማንጎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ገባሁ።

ያን ጊዜ ጋትቤል ነዳ! ሆስፒታል ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ጉዳይ ነው። የሺ ልብሱን ቀይራ የአልጋውን ብረት ይዛ አገኘኋት። ጣቷን ከብረቱ አላቅቄ በእጄ ያዝኳት፣ እስከሚያስገቧት ድረስ አብሬ ሄድኩ። «እጅሽ ማር ማር ይላል» አለችኝ። በሩ ላይ ለቀቀችኝ። ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እሷም ደህና፣ ልጅቷም ደህና።

ደጅ ላይ ስንጠብቅ ነው ጋትቤል ደብተሩን እያሻሸ «አይቼ ነበር እናቴ» ያለኝ።

«ምኑን?»

«ሸራው ሲያብጥ። ቀስ ብዬ ብነዳ ይደርሳል ብዬ ነው።»

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሒሳብ ሠርቶ፣ በመጨረሻ በተስፋ ነዳ! «አይተህ ዝም አልክ? ሚስትህ እዚያ እየጠበቀችህ?» አልኩት። «እርስዎን እንዴት…» አለና ቃሉን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። እኔስ ለምን ደበቅኩት? ፊት ለፊት «ጨምርልኝ» ብዬው ቢሆን ቁጥሩን እንደገና ያስረዳኝ ነበር። እሱ እኔን አክብሮ፣ እኔ ጎረቤቶቼን አክብሬ፣ በአክብሮት ቦይ ውስጥ ልንገባ ነበር።

«ከእንግዲህ እምቢ በለኝ። እናትህ እያዘዘችህ ነው» አልኩት። «እሺ እናቴ» አለ። እሺ ነው የሚለኝ! እምቢ በል ስለው እሺ!

ሰውየው በማግስቱ መጣ። ሁሉንም በትከሻው ተሸክሞ፣ ያመለጠችውን ዶሮ ጭምር ይዞ። ቅቤ ስሰጠው እምቢ አለ፤ አንድ ማንጎ ወስዶ እየላጠ ሄደ። ባሮ ዳር ስሄድ ጆንያ የሚያወርዱትን ሁሉ አያለሁ፣ እስካሁን አላገኘሁትም።

አሁን እቤቴ በር ላይ ሚዛን ተሰቅሏል። ጋትቤልን ገዝተህ አምጣልኝ ብዬው ነው። የመጣ አደራ ሁሉ እሱ ላይ ይወጣል፣ በሰጪው ፊት። ያኮረፉኝ አሉ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን እትዬ ዘውዴ ናት። ፒኑ በምን እንደወጣ የነገርኳት እኔው ራሴ ነኝ፤ አፌን ይቁረጠውና። አሁን ለመጣ ለሄደው «የእኔ መጅ ባትኖር ያቺ ልጅ አትወለድም ነበር» ትላለች። መጇ ባትኖር እኮ ፒኑም አይታጠፍም ነበር! ማን ይስማኝ?

ባለፈው ወር ጋትቤል ሊወስደኝ መጣ። ያኔ ከወደቀበት ያነሳውን ብረት አስቀንቶ፣ አሳጥሮ፣ ወደ መኪናው አስጠግቶ አስበይዶታል። የሚችለውን ሞላን። እትዬ ዘውዴ እንደ ልማዷ ቋጠሮ ይዛ ደረሰች። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ እጄን ዘረጋሁ። ጋትቤል መሬት መሬት እያየ፣ «አይሆንም እናቴ። ሞልቷል» አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ በለኝ እያልኩ የለመንኩት ሰው እምቢ ሲለኝ፣ በሰው ፊት ፊቴ ጋለ። እስከ አቦቦ ከተማ ድረስ አኩርፌ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ማንጎ ልጬ ግማሹን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ እስክንደርስ ድረስ ግን በእጁ ይዞት ነበር እንጂ አልበላውም።

እኔ ጭኔ ላይ የያዝኩት አራት ማንጎ ነበር። ለልጅቱም ለእናቷም በቃ፤ እንዲያውም አንዱ ተረፈ።